ለ«ሂምሰልፍ» ስሕተት መድኃኒቱ አማርኛችን ነው



በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ መኝታ ቤት ንጽሕና፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሰዓት፣ ስለ እግር ኳስ ውድድር ብዙ ተጽፏል። ሁሉም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ አስተያየት ለመስጠት የፈለግሁት በስምንት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ነው። እነሱም ማይሰልፍ፣ ዩርሰልፍ፣ ሂምሰልፍ፣ ኸርሰልፍ፣ ኢትሰልፍ፣ አወርሰልቭስ፣ ዩርሰልቭስ እና ዘምሰልቭስ ናቸው። የሰዋስው መምህራን ሪፍሌክሲቭ ፕሮናውን ይሏቸዋል። በአማርኛ «ተመላሽ ተውላጠ ስም» ብንላቸው ያስኬዳል፤ ድርጊቱን ዞረው ወደ አድራጊው ይመልሱታልና። ጋዜጣችን የሚዘጋጀው በፊደላችን ስለሆነ የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ በፊደላችን ብጽፍ አንባቢ ቅር እንዳይለው አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

«ስምንት ቃል ደግሞ ምን ያህል ቁም ነገር ሆኖ ነው ጽሑፍ የሚጻፍበት?» የሚል አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። እኛ ነገ የምንሄደው ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ወገራ፣ ወደ ጃናሞራ ነው። በዚያ ደጋ ላይ አንድ የገጠር ተማሪ የሚሰማው እንግሊዝኛ ቢኖር የመምህሩ እንግሊዝኛ ነው። ቤት ሲገባ የሚያርመው ሰው የለም። ስለዚህ መምህሩ የተከለው ስሕተት ሥር ይሰዳል። እንደሚታወቀው ሁሉ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። የዚያ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ በተውላጠ ስም የሚሳበብ አይደለም። ይሁንና ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ በደንብ ያልያዘ ልጅ የሚያውቀውንም ትምህርት ለመመለስ እንደሚቸገር ግልጽ ነው። ያንን ቋንቋ ከታች ጀምሮ የምናስይዘው ደግሞ እኛ ነን።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። ስምንቱን ቃላት የማያውቅ ሠልጣኝ በመካከላችን የለም። በአንደኛ ደረጃም በሁለተኛ ደረጃም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ደግመናቸዋል። ታዲያ ዝርዝሩን እያወቅን ስሕተቱ ከየት ይመጣል? በበኩሌ ከአማርኛችን ይመጣል እላለሁ። አማርኛችን ጉድለት ኖሮበት አይደለም፤ «ራስ» የምትለዋ ቃላችን በጣም ብዙ ሥራ የምትሠራ ስለሆነች ነው። ሥራዋን ለይተን ሳናውቅ ሁሉንም በ«ሰልፍ» እንተረጉማታለን። ስለሆነም መድኃኒቱ ዝርዝሩን እንደገና ማስጮህ አይደለም፤ የራሳችንን «ራስ» መጀመሪያ በአማርኛ ማስተማር ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ።

እስቲ የ«ራስ»ን ሥራዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ሥራዋ ከእንግሊዝኛው ጋር በትክክል ይገጥማል። አድራጊውና ድርጊቱ ያረፈበት አንድ ሰው ሲሆን አማርኛ «ራሱን» ይላል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ «ሂምሰልፍ» ይላል። ለዚህ ከአገራችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ዘውዱን የጫኑላቸው አቡነ ሰላማ ናቸው። ስለዚህ «አቡነ ሰላማ ክራውንድ ሂም» እንላለን። ናፖሊዮን ግን በፈረንጆች 1804 በፓሪስ ከተማ በኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን፣ የሮማው ጳጳስ ቆመው እያዩ፣ ዘውዱን አንሥቶ በገዛ እጁ ጫነ። ስለዚህ «ናፖሊዮን ክራውንድ ሂምሰልፍ» እንላለን። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት «ሰልፍ» የምትባል ቁራጭ ብቻ ናት። እሷ ግን ሥልጣን ከማን እጅ መጣ የሚለውን ትልቅ ነገር ይዛለች።

እንዲሁም ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በጠላት እጅ ላለመውደቅ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። «ቴዎድሮስ ኪልድ ሂምሰልፍ» ነው የሚባለው። አንድ ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ «ቴዎድሮስ ኪልድ ሂም» ብሎ ቢጽፍ ምን ማለቱ ነው? ቴዎድሮስ ሌላ ሰው ገደለ ማለቱ ነው። አራሚውም «ማንን?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ «ትንሽ ስሕተት ናት፣ ሐሳቡ እስከገባ ድረስ ምን ቸገረን» ለሚሉ ጓደኞቼ ይህን አንድ ምሳሌ አቀርባለሁ። እዚህ ላይ ሐሳቡ አልገባም፤ ታሪኩ ተገለበጠ።

በዚሁ ክፍል «ለራስ» የሚለውም ይገባል። እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ለራሳቸው ቤተ መንግሥት አሠሩ። «ምንትዋብ ቢልት ኸርሰልፍ ኤ ፓላስ» ይሆናል። የጎንደር ልጅ ቁስቋምን በዓይኑ ስለሚያውቀው ምሳሌው አይጠፋውም። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ያሉትን የጆንንና የሜሪን ዓረፍተ ነገሮች ከመደጋገም የአገሩን ነገር ይዘን ብናስረዳው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው የ«ራስ» ሥራ ማጽናት ነው። «ራሱ መጣ»፣ «ራሷ ነገረችኝ» እንላለን። እዚህ ላይ ድርጊት አልተመለሰም፤ የመጣው ሌላ ሰው ሳይሆን እሱ መሆኑን አጥብቀን መናገራችን ነው። በአማርኛ «ራሱ» ብቻውን ቆሞ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይሆናል። ተማሪው ይህን ቃል በቃል ሲያዞረው «ሂምሰልፍ ኬም» ይላል፤ «ኸርሰልፍ ቶልድ ሚ» ይላል። በእንግሊዝኛ ግን ሂምሰልፍ ብቻውን የዓረፍተ ነገር ባለቤት ሆኖ አይቆምም። ፊት ለፊቱ የሚደገፍበት ስም ወይም ተውላጠ ስም ይፈልጋል፦ «ሂ ሂምሰልፍ ኬም»፣ «ዘ ቲቸር ኸርሰልፍ ቶልድ ሚ»። «ሂምሰልፍ ተከታይ እንጂ መሪ አይደለም» ብለን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብንነግራቸው ይበቃል።

ለመሆኑ አማርኛ ለምን እንዲህ አደረገ? የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት «እርሱ»፣ «እርሷ»፣ «እርሳቸው» የምንላቸው ተውላጠ ስሞች ራሳቸው የመጡት ከግዕዙ «ርእስ» ነው፤ «ርእሱ» ማለት ራሱ፣ የሱ ራስ ማለት ነው። «እሱ» ባልን ቁጥር ሳናውቀው «ራሱ» እያልን ነው ማለት ነው። እንግዲህ የአማርኛ ተናጋሪ «ራሱ»ን ባለቤት አድርጎ ማስቀመጡ ምን ይገርማል? ግዕዝ ግን ሁለቱን ሥራዎች ይለያቸው ነበር። ለማጽናት «ለሊሁ» ይላል፤ እሱ ራሱ ማለት ነው። ድርጊት ሲመለስ ደግሞ «ርእሶ» ወይም «ነፍሶ» ይላል፤ ራሱን ማለት ነው። በመካከላችን ከአብነት ትምህርት ቤት የመጡ ሠልጣኞች አሉ። እነሱ ይህን ልዩነት ከኛ በፊት ያውቁታል። በዚህ ርእስ ላይ የነሱ እውቀት ሀብት ነው፤ «የቆሎ ተማሪ እንግሊዝኛ አይሆንለትም» የሚለውን ቀልድ ትተን ብንጠይቃቸው የምንጠቀመው እኛ ነን።

ሦስተኛው ጉዳይ አክብሮት ነው። በኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። እኛ አንድን ትልቅ ሰው «እሳቸው» እንላለን፤ ግሱንም «መጡ» ብለን በብዙ እናስረዋለን። «ርእሰ መምህሩ ራሳቸው መጡ» እንላለን። ይህ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ «ዘ ዳይሬክተር ዘምሰልቭስ ኬም» ይሆናል። ባለፈው ሰሞን በአንድ የማስተማር ልምምድ ክፍለ ጊዜ አንዲት ሠልጣኝ ይህንኑ አለች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «ስንት ዳይሬክተር ነው የመጣው?» ያለም ነበር። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጇን ስታወጣ አላየሁም።

እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። ይህች ልጅ ምን አጠፋች? ዝርዝሩን አላወቀችም? አውቃለች። ነጠላና ብዙ ቁጥር አልለየችም? ለይታለች። ያደረገችው አንድ ነገር ነው፤ እናትና አባቷ ያስተማሯትን ጨዋነት ይዛ ወደ እንግሊዝኛ ገባች። ታላቅን ሰው በነጠላ መጥራት ከበዳት። የሳቅንባት በጨዋነቷ ነው ማለት ነው። ሊነገራት የሚገባው ግን ቀላል ነበር፦ «እንግሊዝኛ አክብሮትን በተውላጠ ስም አያሳይም፤ ንጉሥም ቢሆን ሂምሰልፍ፣ ንግሥትም ብትሆን ኸርሰልፍ ነው፤ ይህም እዚያ ንቀት አይደለም።» ዐፄ ቴዎድሮስ በአማርኛ «ራሳቸውን ገደሉ» እንጂ «ራሱን ገደለ» ብንል ጆሯችን አይቀበለውም። በእንግሊዝኛ ደግሞ «ቴዎድሮስ ኪልድ ዘምሰልቭስ» አይባልም። ሁለቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው። በርግጥ በዛሬው እንግሊዝኛ ጾታው ላልታወቀ አንድ ሰው «ዘይ» ሲባል ይሰማል፤ ያ ግን ከአክብሮት የመጣ አይደለምና ከኛ «እሳቸው» ጋር መደባለቅ የለበትም።

«አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ላይም እንደዚሁ ነው። ራስህን፣ ራስሽን፣ ራስዎን የሚሉት ሦስቱም በእንግሊዝኛ አንድ «ዩርሰልፍ» ብቻ ናቸው። ሱፐርቫይዘሩን ለማክበር ብሎ «ዩርሰልቭስ» ማለት አያስፈልግም። «ራሳችሁን» ስንል ግን የግድ «ዩርሰልቭስ» ነው። 60 ተማሪ ፊት ቆሞ «ኢንትሮድዩስ ዩርሰልፍ» የሚል መምህር ማንን ነው የሚያናግረው? በልምምድ ላይ ብዙዎቻችን ስንለው የሚሰማ ነው። ለአንዱ ተማሪ ፍ፣ ለክፍሉ ሁሉ ቭስ፤ ይህችን ብቻ እንያዝ።

አራተኛው ጉዳይ ግሶቻችን ናቸው። አማርኛ ድርጊት ወደ አድራጊው ሲመለስ ሁልጊዜ «ራስ» አይልም። ግሱ ፊት «ተ»ን ይጨምርና ይጨርሰዋል፦ አጠበ፣ ታጠበ፤ ላጨ፣ ተላጨ። «ቀሃ ወርጄ ታጠብሁ» ስንል ገላችንን መሆኑ ይታወቃል። እንግሊዝኛም በነዚህ ላይ ከኛ ጋር ይስማማል፤ «አይ ዎሽድ»፣ «ሂ ሼቭድ» ብሎ ይበቃዋል። ማይሰልፍ መጨመር ስሕተት ባይሆንም አስፈላጊ አይደለም፤ ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ያለ ሰው እርዳታ መታጠቡን ለመናገር ካልሆነ በስተቀር። «ደኅና ነኝ፣ ጤንነት ይሰማኛል» ለማለትም «አይ ፊል ዌል» እንጂ «አይ ፊል ማይሰልፍ ዌል» አይባልም።

ችግሩ ያለው እኛ «ተ» ብለን ያለፍነውን እንግሊዝኛ «ሰልፍ» ካልጨመራችሁ በሚልበት ቦታ ነው። «በጥምቀት በዓል ተደሰትሁ» የሚለውን ተማሪው «አይ ኢንጆይድ» ብሎ ያቆመዋል። «ኢንጆይ» ግን ተሳቢ ይፈልጋል፤ ወይ «አይ ኢንጆይድ ጥምቀት» ወይ «አይ ኢንጆይድ ማይሰልፍ» መባል አለበት። «ወድቆ ተጎዳ» የሚለው «ሂ ፌል ኤንድ ኸርት ሂምሰልፍ» ይሆናል። «ሥነ ሥርዓት ይኑርህ» የሚለውም «ቢሄቭ ዩርሰልፍ» ነው። እነዚህ ግሶች ጥቂት ስለሆኑ አብረዋቸው ከሚሄዱት ቃል ጋር በሐረግ መልክ ቢያዙ ይሻላል። ዝርዝር በቃል መያዝ ጥቅም ካለው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

የ«ራስ» የገዛ ትርጉሟም አለ። ራስ ጭንቅላት ነው። «ራሴን አሞኛል» ያለ ልጅ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ስለ ማይሰልፍ ቢያወራ ማን ይረዳዋል? «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ» ማለት አለበት። «ራሱን ሳተ» ደግሞ «ሂ ፌንትድ» ነው። «ራሱን ቻለ» ስንል ግን እንግሊዝኛውም «ሂ ሰፖርትስ ሂምሰልፍ» ብሎ ይገጥምልናል። ራስ ደጀን ተራራ ላይ ያለችው ራስ እንኳ ሌላ ናት። ቃሏ አንዲት፣ መንገዷ ብዙ።

አምስተኛው «እርስ በርስ» ነው። ይህም የዚያው የ«ርእስ» ቤተሰብ ስለሆነ ከ«ራሳቸው» ጋር ይምታታል። ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄዶ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ያየ ሰው አንዷ የሌላዋን ጠጉር ስትፈትሽና ስታጸዳ ተመልክቷል። «ዘይ ክሊን ኢች አዘር» ይባላል። «ዘይ ክሊን ዘምሰልቭስ» ካልን ግን እያንዳንዷ የየራሷን ጠጉር ታጸዳለች ማለት ነው። ስለ ሰውም እንደዚያው ነው። «እርስ በርሳቸው ይዋደዳሉ» «ዘይ ላቭ ኢች አዘር» ነው፤ «ዘይ ላቭ ዘምሰልቭስ» ካልን ግን ምስጋናው ቀርቶ ሐሜት ይሆናል። ደባርቅ አካባቢ የሚያድግ ልጅ ነገ አስጎብኚ ሊሆን ይችላል፤ ፓርኩ በፈረንጆች 1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ የሚያየው እነዚሁኑ ጭላዳዎች ነው። የኛ ተማሪ ያየውን በትክክል ቢነግረው ክብሩ የሱም የኛም ነው።

አንድ ሁለት ትንንሽ ነገር ልጨምርና ልለፍ። «ብቻዬን ሠራሁት» «ባይ ማይሰልፍ» ነው፤ «መጽሐፉን ይዤ መጣሁ» ግን «ዊዝ ሚ» እንጂ «ዊዝ ማይሰልፍ» አይደለም። ማዕድ ላይ የተቀመጠ የውጭ አገር ሰው «ኸልፕ ዩርሰልፍ» ቢል «ራስህን እርዳ፣ እኔ አልረዳህም» ማለቱ አይደለም፤ «አፈር ስሆን ብላልኝ» የሚለውን በነሱ መንገድ ማለቱ ነው። ደግሞም ትልቅ ሰው ለመምሰል «ማይሰልፍ ኤንድ ማይ ፍሬንድ» ብሎ ዓረፍተ ነገር መጀመር እንግሊዞቹም ቤት የሚታይ ልማድ ነው። ጥሩ ጽሑፍ ግን «ማይ ፍሬንድ ኤንድ አይ» ይላል።

«ሂዝሰልፍ» እና «ዘየርሰልቭስ» የሚሉ ተማሪዎችም ያጋጥሙናል። በነዚህ ላይ አንቈጣ። «ራሱ» ማለት «የሱ ራስ» ስለሆነ ልጁ «የሱ»ን «ሂዝ» ብሎ መተርጐሙ አስተዋይነት ነው። እንግሊዝኛውም ቢሆን «ማይሰልፍ» እና «ዩርሰልፍ» ላይ እንደኛ በባለቤትነት ይሄድና «ሂምሰልፍ» እና «ዘምሰልቭስ» ላይ መንገድ ይለውጣል። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ «እሱን» የሚለው ተራ ተውላጠ ስም ብቻውን «ራሱን»ም ማለት ይችል ነበር፤ «ሰልፍ» ለማጽናት የምትጨመር ቃል ነበረች፤ ውሎ አድሮ ተጣበቀች። በአንዳንድ የእንግሊዝ አገር የገጠር አነጋገርም «ሂዝሰልፍ» ይሰማል። ለተማሪው «አስተሳሰብህ ደግ ነው፣ ነገር ግን የጽሑፉ ቋንቋ ይህን አልተቀበለም» ብንለው ይበቃል። እንዲህ የተነገረው ልጅ ነገም ይሞክራል፤ የተሳቀበት ግን ዝም ይላል።

ይህን ስል ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። አንዳንድ መምህራን «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ አይነገር» ይላሉ። ምክንያታቸውን አከብራለሁ። ልጁ እንግሊዝኛ የሚሰማው በዚያች ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷንም በአማርኛ ከጨረስናት እንግሊዝኛውን የት ይሰማል? እውነት ነው። በአማርኛ ገብተው በአማርኛ የሚወጡ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜያት እንዳሉም የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን አማርኛን በአፍ ስለከለከልነው ከልጁ ጭንቅላት አይወጣም እኮ! «ዘምሰልቭስ ኬም» ያለችው ልጅ አንዲት የአማርኛ ቃል አልተናገረችም። አማርኛው ከውስጥ ሆኖ ነው ያናገራት። የማይታየውን አውጥቶ ማየት ይሻላል ወይስ እንደሌለ ማስመሰል? እኔ የምለው ክፍለ ጊዜው በአማርኛ ይሁን አይደለም፤ 10 ደቂቃ ለአማርኛው ይሰጥ፣ የቀረው ደቂቃ ሁሉ የእንግሊዝኛ ልምምድ ይሁን ነው።

ሐሳብ ብቻ አቅርቤ እንዳልቀር በተግባር እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ሰሌዳው ለሁለት ይከፈል። በግራ በኩል አምስት የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ፦ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ። ርእሰ መምህሩ ራሳቸው መጡ። ልጁን ራሱን አመመው። ጭላዳዎቹ እርስ በርሳቸው ይጸዳዳሉ። አስቴር ታጠበች። ከዚያ መምህሩ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ። ድርጊቱ የወጣበትና ያረፈበት አንድ ሰው ነው ወይ? ወይስ ሰውየውን ማጽናታችን ነው? የሚነገርለት ሰው ስንት ነው፣ አንድ ነው ወይስ ብዙ? ተማሪዎቹ በአማርኛ ይመልሱ፤ አማርኛቸውን ስለሚያውቁት አይፈሩም። ከዚያ በኋላ የቀኙ የሰሌዳ ክፍል በእንግሊዝኛ ይሞላል። ሦስቱን ጥያቄ የለመደ ልጅ ስምንቱን ቃላት ማስጮህ አያስፈልገውም፤ ቃሉ ሲፈለግ ይመጣለታል። ለዚህ ትምህርት ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል፤ ሌላ መሣሪያ ይምጣልኝ የሚያሰኝ ነገር የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲደረግ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለማስተማር ልምምድ የምንወጣ ሠልጣኞች በትምህርት ዕቅዳችን ውስጥ ከአማርኛው ጋር የማነጻጸሪያ 10 ደቂቃ እንመድብ፤ ምሳሌዎቻችንንም ከምንሄድበት ወረዳ እንልቀም። ሁለተኛ፣ የተከበሩ መምህራኖቻችን ወረቀታችንን ሲያርሙ በቀይ ቀለም ከመሰረዝ ባሻገር ስሕተቱ ከየትኛው የ«ራስ» ሥራ እንደመጣ በአንድ ቃል ጠርዙ ላይ ቢያመለክቱን። «አክብሮት»፣ «ማጽናት»፣ «እርስ በርስ» ተብሎ ቢጻፍልን ምክንያቱን አውቀን እናርማለን። ሦስተኛ፣ ይህ ጋዜጣ በየእትሙ ለእንዲህ ዓይነት ንጽጽር አንዲት ጥግ ይስጥ። ተውላጠ ስም ላይ ያየነው ነገር በመስተዋድድም፣ በግስ ጊዜም አለና።

በክፍላችን ውስጥ የተሳቀባት እህታችን ነገ ሰሌዳ ፊት መቆሟ አይቀርም፤ እሷን የመሰሉ ብዙ ልጆችም ፊቷ ይቀመጣሉ። እነሱም ትልቅ ሰውን «እሳቸው» ማለት የተማሩ የጨዋ ልጆች ናቸው። ያንን ጨዋነታቸውን ሳናስጥላቸው እንግሊዝኛውን ልናስይዛቸው እንችላለን፤ የሚያስፈልገው ከየት እንደሚነሡ ማወቃችን ነው። ከዚህ የተለየ አስተያየት ያለው ሠልጣኝም ሆነ መምህር በሚቀጥለው እትም ቢጽፍ በደስታ አነባለሁ።

ከአንድ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሠልጣኝ፣ ጎንደር